ኢንዶኔዥያ ፌዴሬሽኗን ዓመት ሳይሞላት ለምን አፈረሰች? ማላያ ለምን አቆየች? በርማስ?

ጥያቄ፦ «ኢንዶኔዥያ በ1949 ከኔዘርላንድስ ሥልጣን ስትረከብ ፌዴራል ሪፐብሊክ ነበረች፤ ዓመት ሳይሞላት ግን አሐዳዊ ሆነች። ጎረቤቷ ማላያ (የዛሬዋ ማሌዥያ) እስከ ዛሬ ፌዴሬሽን ናት። በርማ (የዛሬዋ ምያንማር) ደግሞ የመገንጠልን መብት ሳይቀር በሕገ መንግሥቷ ጽፋ ብትጀምርም በወታደር አገዛዝ ሥር ወደቀች። ሦስቱም ብዙ ሕዝቦች የሚኖሩባቸው፣ በአንድ ዘመን ነጻ የወጡ አገሮች ሆነው ሳለ መንገዳቸው ይህን ያህል የተለያየው ለምንድን ነው? በርማን ለዚያ የዳረጋት የመገንጠል መብቱ ነው ማለትስ ይቻላል?»

ምላሽ፦

ሕገ መንግሥቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንቀጽ በአንቀጽ በማነጻጸር ብቻ የዚህን ጥያቄ መልስ ማግኘት አይቻልም። በእኔ ግምገማ የሦስቱን አገሮች ዕጣ በዋናነት የወሰኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ፌዴሬሽኑ በሕዝቡ ዘንድ የማን ሥራ ተደርጎ ታየ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሰነዱ ጀርባ ጦሩ፣ ግብሩና የመንግሥት ሠራተኛው በማን እጅ ነበሩ የሚለው ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኢንዶኔዥያ ልጀምር። ጃፓን እጅ መስጠቷ በተሰማ በሁለተኛው ቀን፣ ነሐሴ 17 ቀን 1945 (በእነርሱ ወር ኦገስት መሆኑ ነው)፣ የነጻነት ንቅናቄው መሪዎች ሱካርኖና ሐታ በጃካርታ ነጻነትን አወጁ። በማግሥቱ የጸደቀው ሕገ መንግሥት 37 አንቀጾች ብቻ የነበሩት፣ ጃፓኖች ሊሸነፉ ሲቃረቡ ባቋቋሙት አጣሪ ኮሚቴ ውስጥ በጥቂት ሳምንታት የተረቀቀ፣ አገሪቱን አሐዳዊ የሚያደርግና ለፕሬዚዳንቱ ሰፊ ሥልጣን የሚሰጥ ሰነድ ነበር። ከመጽደቁ በፊት በዚያው ዕለት አንድ ትልቅ ለውጥ ተደርጎበታል፤ በመግቢያው ላይ ሙስሊሞች የሸሪዓን ሕግ እንዲከተሉ የሚያስገድደው ሐረግ፣ ክርስቲያኖች በብዛት የሚኖሩባቸው ምሥራቃዊ ደሴቶች ከሪፐብሊኩ ውጪ እንዳይቀሩ ሲባል እንዲወጣ ተደረገ። ስለዚህ የአገሪቱ መሥራቾች የልዩነትን ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ያውቁት ነበር፤ ለማቻቻል የመረጡት ግን ሥልጣንን በግዛት በማከፋፈል ሳይሆን ሁሉንም በሚያቅፍ አንድ የጋራ የመንግሥት መርሕ ነው። ይህም ሱካርኖ በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን ባደረጉት ንግግር ያቀረቡት ፓንቻሲላ የተባለው ባለ አምስት ነጥብ መርሕ ነበር።

የፌዴሬሽን ሐሳብ ይዞ የመጣው በሌላ ወገን፣ ተመልሶ ለመግዛት በሚሻው የኔዘርላንድስ አስተዳደር በኩል ነው። የአስተዳደሩ መሪ ቫን ሞክ በ1946 አጋማሽ በማሊኖ፣ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ በዴንፓሳር ጉባኤዎችን ጠርተው መቀመጫውን ማካሳር ያደረገውን የምሥራቅ ኢንዶኔዥያን ግዛት መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ የኔዘርላንድስ ጦር በያዘው ሥፍራ ሁሉ አንዱ ግዛት ሌላውን እየተከተለ ይቋቋም ጀመር። በተለይ ከሐምሌ 1947ቱ ጥቃት በኋላ፣ ትልልቅ የጎማና የትንባሆ እርሻዎች ያሉበት ምሥራቅ ሱማትራ፣ የምዕራብ ጃቫው ፓሱንዳን፣ ማዱራና ሌሎችም ተራ በተራ «ግዛት» ተባሉ። ሪፐብሊኩ በጃቫና በሱማትራ ቀስ በቀስ እየጠበበ በሚሄድ መሬት ላይ ሲቀር፣ በዙሪያው የተኮለኮሉት ግዛቶች የተፈለጉት እሱን ለማነቅ መሆኑን አብዛኛው ሕዝብ አመነ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ አንድ ነጥብ አለ። የእነዚህን ግዛቶች መሪዎች በሙሉ የባዕድ አሻንጉሊት አድርጎ ማየት ፍትሐዊ አይደለም። ምሥራቅ ኢንዶኔዥያ የራሱ ፓርላማና ካቢኔ ነበረው፤ የባሊው ተወላጅ አናክ አጉንግ ግዴ አጉንግ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲመሩት፣ በጃቫ የበላይነት የመዋጥ ሥጋት ያደረባቸው ሰዎች ከልባቸው ይደግፏቸው ነበር። የኔዘርላንድስ ጦር በታኅሣሥ 1948 የሪፐብሊኩን መቀመጫ ዮግያካርታን ወርሮ ሱካርኖንና ሐታን ሲያስር፣ የምሥራቅ ኢንዶኔዥያና የፓሱንዳን ካቢኔዎች በተቃውሞ ሥልጣን ለቀቁ። ኔዘርላንድስ ራሷ ባቆመቻቸው ግዛቶች እንኳ ተቀባይነት ያጣችው በዚያ ሳምንት ነው። ጥር 1949 ላይ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ሥልጣን እንዲተላለፍ ሲጠይቅና አሜሪካም ግፊቷን ስታጠናክር፣ ወደ ሄግ የክብ ጠረጴዛ ጉባኤ ከመሄድ በቀር ሌላ መንገድ አልነበራትም።

በሄግ የተደረሰበትን ስምምነት ዝርዝር ሳያዩ የ1950ውን ውድቀት መረዳት ያስቸግራል። ታኅሣሥ 27 ቀን 1949 ሉዓላዊነት የተላለፈለት ፌዴሬሽን 16 አባላት ነበሩት። ከእነዚህ ሰባቱ ግዛቶች፣ ዘጠኙ ደግሞ ራስ ገዝ አካባቢዎች ነበሩ። ነጻነቱን በደሙ ያስከበረው ሪፐብሊክ ከ16ቱ አንዱ ብቻ ተደርጎ ተቆጠረ፤ እያንዳንዱ አባል ሁለት ሁለት መቀመጫ ባገኘበት የላይኛው ምክር ቤት የደረሰው ከ32ቱ ሁለቱ፣ በታችኛው ምክር ቤት ደግሞ ከ150ው 50ው ነበር። በዚያው ስምምነት አዲሲቱ አገር 4.3 ቢሊዮን ጊልደር የቅኝ አገዛዝ ዕዳ ተሸከመች፤ የዕዳው ከፊል የመጣውም በራሷ ላይ ከተከፈተው ጦርነት ወጪ ነው። ምዕራብ ኒው ጊኒ ደግሞ በኔዘርላንድስ እጅ ቀረ። ስለዚህ ፌዴሬሽኑ፣ ዕዳውና የተቆረጠው መሬት በሕዝቡ ዘንድ እንደ አንድ ጥቅል ታዩ። የአንዱ መጠላት ወደ ሌላው መሸጋገሩ አያስገርምም።

ከዚያ በኋላ የሆነው በጣም ፈጣን ነው። ጥር 23 ቀን 1950 ዌስተርሊንግ የተባለ የቀድሞ የኔዘርላንድስ ጦር መኮንን ታጣቂዎችን አስከትሎ ባንዱንግ ከተማን አጠቃ፤ በሴራው ተሳትፈዋል የተባሉት የምዕራብ ካሊማንታን ሱልጣን ሐሚድ ሁለተኛም ታሰሩ። ይህ ከሆነ ወዲህ ፌዴራሊዝምን መደገፍ ከክህደት ጋር እኩል ይታይ ጀመር። ግዛቶቹ በሕዝብ ሰልፍና በምክር ቤቶቻቸው ውሳኔ እየተጠቀለሉ ወደ ሪፐብሊኩ ገቡ፤ የጸደይ ወራት ሳያልቁ የቀሩት ሪፐብሊኩ፣ ምሥራቅ ኢንዶኔዥያና ምሥራቅ ሱማትራ ብቻ ነበሩ። በማካሳር የቅኝ ገዢው ጦር ወታደሮች በአንዲ አዚዝ መሪነት አመፁ፤ ሚያዝያ 25 ቀን ደግሞ በአምቦን የደቡብ ማሉኩ ሪፐብሊክ ታወጀ። ሁለቱም በጦር ኃይል ተደቆሱ። ነሐሴ 17 ቀን 1950፣ ሥልጣን ከተላለፈ ስምንት ወር ሳይሞላ፣ አሐዳዊው ሪፐብሊክ ሥራ ጀመረ። ለፌዴራል አደረጃጀት የራሳቸው ዝንባሌ የነበራቸው ሐታ የፌዴሬሽኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ይህን ሽግግር መምራታቸው በዚያ ጊዜ የነበረው ስሜት ምን ያህል የበረታ እንደ ነበር ያሳያል።

ሆኖም ፌዴሬሽኑ ፈረሰ እንጂ እንዲፈታ የታሰበው ችግር አብሮት አልጠፋም። በዚያ ጊዜ ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይኖር የነበረው በጃቫ ሲሆን፣ የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኙት ጎማ፣ ነዳጅና የደረቀ ኮኮናት ግን በአብዛኛው ይመጡ የነበሩት ከሱማትራ፣ ከካሊማንታንና ከሱላዌሲ ነው። መንግሥት የሩፒያን ዋጋ ከእውነተኛው በላይ አድርጎ በመያዙ ላኪዎቹ ደሴቶች ለምርታቸው የሚገባቸውን ዋጋ አላገኙም። በሱላዌሲና በሱማትራ ያሉ የጦር አዛዦችም ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ምርቱን በኮንትሮባንድ በቀጥታ ወደ ውጭ እየላኩ ወታደሮቻቸውን ይቀልቡ ጀመር። በነጻነት ትግሉ ጊዜ ወርቅና ገንዘብ አዋጥታ ሪፐብሊኩን የደገፈችው አቼ፣ በ1950 የራሷ ክፍለ ሀገርነት ተሠርዞ ከሰሜን ሱማትራ ጋር ተቀላቀለች፤ በ1953 በዳውድ በረኤህ መሪነት አመፀች። ይህን ከሁሉ አሳዛኝ አድርጌ የማየው አቼ ከኔዘርላንድስ ጋር ያልተባበረች፣ ግዛትም እንዲቋቋምባት ያልፈቀደች በመሆኗ ነው። ፌዴራሊዝም ያስከተለው ጥላቻ በጣም ታማኝ የነበሩትን ሳይቀር ጎዳ።

በሴፕቴምበር 1955 የተካሄደው ምርጫ ነጻና ሰላማዊ ነበር፤ ከተመዘገቡት ከ90 በመቶ በላይ ድምፅ ሰጥተዋል። ነገር ግን አራት ተቀራራቢ ፓርቲዎችን አወጣ፤ ብሔራዊው ፓርቲ 22.3፣ ሁለቱ የእስልምና ፓርቲዎች ማሹሚ 20.9ና ናህድላቱል ዑለማ 18.4፣ ኮሚኒስቱ ፓርቲ 16.4 በመቶ አገኙ። ከአራቱ ከጃቫ ውጪ ሰፊ መሠረት የነበረው ማሹሚ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የፓርቲ ሽኩቻ ሁሉ የደሴቶች ሽኩቻ መልክ ያዘ። በምክትል ፕሬዚዳንትነታቸው የውጫዊ ደሴቶች ዋስትና ተደርገው ይታዩ የነበሩት ሱማትራዊው ሐታ በታኅሣሥ 1956 ሥልጣን ለቀቁ። በዚያው ወር በፓዳንግ፣ በመጋቢት 1957 ደግሞ በማካሳር የጦር መኮንኖች አስተዳደሩን በእጃቸው አስገቡ። ሱካርኖም በመላ አገሪቱ ወታደራዊ ሕግ አወጁ። የካቲት 1958 በሱማትራ የታወጀው «አብዮታዊ መንግሥት» ራሱን የኢንዶኔዥያ ሪፐብሊክ መንግሥት ብሎ መጥራቱን ልብ ይሏል። መሪዎቹ የጠየቁት ለመገንጠል ሳይሆን ሐታን ወደ ሥልጣን ለመመለስና ማዕከሉን ለመለወጥ ነበር። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት በድብቅ ቢረዳቸውም ዋና ዋናዎቹ ከተሞች በወራት ውስጥ ወደቁ።

በባንዱንግ ተቀምጦ ቋሚ ሕገ መንግሥት ሲያረቅ የነበረው ጉባኤ የሚሰበሰብበት አዳራሽ፣ ኢትዮጵያም ልዑካኗን ልካበት የነበረው የ1955ቱ የእስያና አፍሪካ ጉባኤ የተካሄደበት ነው። ጉባኤው በመብቶችና በመንግሥት አደረጃጀት ረገድ ብዙ ርቆ ሄዶ ነበር፤ የተሰናከለው በእስልምናና በፓንቻሲላ መካከል የመንግሥት መሠረት የትኛው ይሁን በሚለው ነው። ወደ 1945ቱ ሕገ መንግሥት እንመለስ የሚለው ሐሳብ ግንቦት 30 ቀን 1959 በ269 ለ199 ድምፅ ብልጫ ቢያገኝም ሁለት ሦስተኛ አልሞላም፤ ሁለት ጊዜ ተደግሞም አልተሳካም። ሐምሌ 5 ቀን ሱካርኖ ጉባኤውን በትነው ያንኑ ሕገ መንግሥት በአዋጅ መለሱት፤ ጦሩም ከጎናቸው ቆመ። በ1957 ወጥቶ የክፍለ ሀገር መሪዎች እንዲመረጡ የፈቀደው ሕግም በ1959 ተሽሮ ሹመቱ ወደ ማዕከሉ ተመለሰ። ጉዳዩ እንደገና የተነሣው ሱካርኖን የተኩት ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ ከወደቁ በኋላ ነው። በ1999 የወጡትና በ2001 ሥራ ላይ የዋሉት ሕጎች ሰፊ ሥልጣን አውርደዋል፤ ነገር ግን ሥልጣኑን በዋናነት የሰጡት ለክፍለ ሀገሮች ሳይሆን ከእነርሱ በታች ላሉት ወረዳዎችና ከተሞች ነው። ወረዳ ለመገንጠል ትንሽ ነው፤ ክፍለ ሀገር ግን ወደ ፌዴራል ግዛትነት ሊያድግ ይችላል የሚለው የ1950 ሥጋት ከ50 ዓመት በኋላም ሕግ አውጪዎቹን ይመራቸው ነበር።

ወደ ማላያ ስንሻገር ነገሩ ሁሉ ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ አንድነትን ይዞ የመጣው ቅኝ ገዢው፣ ፌዴሬሽንን የጠየቀው ደግሞ ብሔረተኛው ነበር። እንግሊዞች ከጦርነቱ በኋላ ዘጠኙን የማላይ ሱልጣኔቶች ከፔናንግና ከማላካ ጋር ጨፍልቀው የማላያ ኅብረት የተባለ አሐዳዊ አስተዳደር በሚያዝያ 1946 አቋቋሙ። ሰር ሃሮልድ ማክማይክል ሱልጣኖቹን ተራ በተራ እየጎበኙ፣ ጊዜና ምክር ሳይሰጧቸው፣ ሉዓላዊነታቸውን የሚያስረክቡበትን ውል አስፈረሟቸው። ለቻይናውያንና ለሕንዳውያን ነዋሪዎችም ሰፊ የዜግነት በር ተከፈተ። ማላዮች በዚህ ተቆጥተው ሰልፍ ወጡ፤ ሱልጣኖቹም በአዲሱ ገዢ ሹመት ላይ ሳይገኙ ቀሩ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት በዳቶ ኦን ጃፋር መሪነት ኡምኖ የተባለው ፓርቲ ተመሠረተ። እንግሊዞች ተሸንፈው የካቲት 1 ቀን 1948 ኅብረቱን በማላያ ፌዴሬሽን ተኩ። ስለዚህ ፌዴሬሽን በማላዮች ዘንድ ከባዕድ ያስመለሱት ድል እንጂ ባዕድ የጫነባቸው ሸክም አልነበረም። ማንም ፖለቲከኛ እሱን በማፍረስ አርበኛ ሊባል አይችልም ነበር።

ይህ ማለት ግን ግዛቶቹ ኃይለኞች ነበሩ ማለት አይደለም። የሪድ ኮሚሽን በ1956 ሕገ መንግሥቱን እንዲያዘጋጅ ሲሰየም ከተሰጠው መመሪያ ዋነኛው፣ ለግዛቶቹ የተወሰነ ራስ ገዝነት ትቶ ጠንካራ ማዕከላዊ መንግሥት መመሥረት ነበር። ፖሊስ፣ ትምህርት፣ ጤናና ዋና ዋናዎቹ ግብሮች ለማዕከሉ፣ መሬት፣ የእስልምና ጉዳዮችና የማላይ ልማድ ለግዛቶቹ ሆኑ። በ1948 የጀመረው የኮሚኒስቶች ሽምቅ ውጊያም ማዕከሉን ይበልጥ አጠናከረው፤ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ቻይናውያን፣ በተከለሉ አዳዲስ መንደሮች ሲሰፍሩና የመታወቂያ ወረቀት ለሁሉም ሲታደል፣ የመንግሥት እጅ ከዚያ በፊት ያልደረሰበት ገጠር ገባ። ጦሩ በእንግሊዝ መኮንኖች የሚመራ ትንሽ ኃይል ነበር፤ ነጻነትን አመጣሁ ብሎ የፖለቲካ ድርሻ የሚጠይቅ አልነበረም። በዚህ ረገድ ከኢንዶኔዥያም ከበርማም ይለያል፤ ልዩነቱ ከየትኛውም አንቀጽ ይበልጥ ክብደት ያለው ይመስለኛል።

ዋናው ድርድር የተካሄደው በግዛቶች መካከል ሳይሆን በሦስት የማኅበረሰብ ፓርቲዎች መካከል ነው። የማላይ፣ የቻይናና የሕንድ ፓርቲዎች የገቡበት ጥምረት በሐምሌ 1955 ከ52ቱ የምርጫ መቀመጫዎች 51ዱን አሸነፈ። ቻይናውያንና ሕንዳውያን የዜግነት መብት ሲያገኙ፣ የማላዮች ልዩ ቦታ በአንቀጽ 153 ተጠበቀ። ዘጠኙ ሱልጣኖች ከመካከላቸው አንዱን ለአምስት ዓመት ንጉሥ አድርገው እንዲመርጡም ተደነገገ። ሥርዓቱ ፍጹም ፍትሐዊ ነበር አልልም፤ በግንቦት 1969 በኩዋላ ሉምፑር የፈሰሰው ደም ስምምነቱ ያፈናቸውን ቅሬታዎች አሳይቷል። ቢሆንም ፌዴሬሽኑ ለተሸናፊዎች መሸሸጊያ መሆን ችሏል፤ የእስልምናው ፓርቲ ፓስ በ1959 ኬላንታንን አሸንፎ፣ ማዕከሉ የልማት ገንዘብ ቢነፍገውም፣ ግዛቱን ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ይዞ ቆይቷል። በኢንዶኔዥያ የ1950ዎቹ ማሹሚ እንዲህ ያለ የሚያርፍበት ቦታ ቢኖረው ኖሮ ከመሪዎቹ አንዳንዶቹ ወደ ሱማትራ ጫካ ባልገቡ ነበር ብዬ አስባለሁ።

በርማ ከሁለቱ የተለየ ታሪክ አላት። እንግሊዞች ሜዳማውን በርማ በቀጥታ፣ በዙሪያው ያሉትን የሻን፣ የካቺንና የቺን ተራራዎች ደግሞ በየአካባቢው ሹማምንት አማካይነት ለይተው ያስተዳድሩ ነበር። የነጻነት ንቅናቄው መሪ አውንግ ሳን የካቲት 12 ቀን 1947 በፓንግሎንግ ከእነዚህ ሦስት ሕዝቦች መሪዎች ጋር ስምምነት ተፈራረሙ። በአካባቢው ከተደረጉት የምሥረታ ስምምነቶች ሁሉ ይህ ለእኔ ትልቁ ነው፤ ምክንያቱም ማንም ባዕድ ሳያዛቸው እርስ በርስ ተነጋግረው የደረሱበት ነው። ጉድለቱም ግልጽ ነበር። ካረኖች የተባሉት ሌላ ሕዝብ በታዛቢነት እንጂ በፈራሚነት አልነበሩም። አምስት ወር ሳይቆይ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1947፣ አውንግ ሳን ከካቢኔ ባልደረቦቻቸው ጋር በስብሰባ ላይ ተገደሉ። ስምምነቱ የቆመው በእሳቸው የግል ቃል ላይ ስለ ነበር ዋሱን አጣ።

በመስከረም 1947 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ስሙ የኅብረት ይሁን እንጂ አሠራሩ ለአሐዳዊነት የቀረበ ነበር። የሻን ወይም የካቺን ግዛት ምክር ቤት ማለት ከዚያ ግዛት ለኅብረቱ ፓርላማ የተመረጡት ሰዎች ስብስብ ነው እንጂ ራሱን የቻለ፣ በግዛቱ የተመረጠ ጉባኤ አልነበረም። የግዛቱን መሪ የሚሰይሙት የኅብረቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ መሪውም የኅብረቱ ካቢኔ አባል ነበር። ከሁሉ የሚከፋው ብዙኃኑ በርማውያን የራሳቸው ግዛት ስላልነበራቸው፣ ማዕከላዊው መንግሥት የእነርሱም የሁሉም መንግሥት ሆኖ መሥራቱ ነው። ነጻነት በጥር 4 ቀን 1948 ታወጀ፤ በወራት ውስጥ ኮሚኒስቶች፣ በ1949 መጀመሪያ ደግሞ ካረኖች አመፁ። የካረን ኃይሎች ከራንጉን አፍንጫ ሥር ያለችውን ኢንሴይንን ያዙ። ካረኑ የጦር ኃይሎች አዛዥ ስሚዝ ደን ከሥልጣን ተነሥተው ኔ ዊን ተተኩ። ከዚያ በኋላ ጦሩ የተገነባው በአንድ ወገን መኮንኖች የበላይነትና ያለማቋረጥ ከዳር አገሮች ጋር በመዋጋት ነው፤ ኅብረቱን በሕይወት ያቆየሁት እኔ ነኝ የሚለው እምነቱም ከዚያ ይመነጫል።

አሁን ወደ መገንጠል መብቱ ልምጣ። ምዕራፍ ዐሥር መብቱን የሚፈቅደው ከነጻነት ዐሥር ዓመት በኋላ፣ በግዛቱ ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅና በሕዝበ ውሳኔ ሲሆን፣ በተግባር የሚመለከተው የሻንንና የካረኒን (ከካረን የተለየውን) ግዛቶች ብቻ ነበር፤ ካቺኖች በግልጽ ተከልክለዋል። ዐሥሩ ዓመት በ1958 ሲሞላ ሥርዓቱን ተከትሎ ለመገንጠል ድምፅ ያሰባሰበ ምክር ቤት አልነበረም። በ1959 የሻን መሳፍንት የዘር ሥልጣናቸውን አስረከቡ። በሰኔ 1961 በታውንጂ የተሰበሰቡት የሻንና የሌሎች ሕዝቦች መሪዎች ያቀረቡት ሐሳብም ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ በርማውያን ሳይቀሩ የራሳቸው ግዛት የሚኖራቸው፣ እውነተኛ ፌዴሬሽን እንዲሆን ነው። ካቺኖችን ወደ ጫካ የገፋቸውም የመገንጠል አንቀጹ አይደለም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኡ ኑ ቡድሂዝምን የመንግሥት ሃይማኖት ለማድረግ መነሣታቸው ለብዙዎቹ ክርስቲያን ካቺኖች ዋነኛው ምክንያት ነበር። የፌዴራል ጉባኤው በራንጉን ውይይት ላይ ሳለ፣ መጋቢት 2 ቀን 1962፣ ኔ ዊን ሥልጣን ያዙና ተሰብሳቢዎቹን አሰሩ። የጦሩ መሪዎች ያቀረቡት ምክንያት ኅብረቱ ሊበተን ነው የሚል ነበር። ከዚህ ተነሥቼ በርማን ለወታደር አገዛዝ የዳረጋት የመገንጠል መብቱ ነው የሚለውን አልቀበልም፤ ይልቅስ መብቱን ያሰፈረው ሰነድ ለዕለት ተዕለት ራስን ማስተዳደር የሚሆን ተቋም ሳይሰጥ መቅረቱ፣ ያንን ጉድለት ለማረም የተጀመረው ሰላማዊ ጥረትም በጠመንጃ መቋረጡ ነው።

ለንጽጽር የማሌዥያን ጉዳይ ይመልከቱ። ማላያ በመስከረም 1963 ከሲንጋፖር፣ ከሳባህና ከሳራዋክ ጋር ተዋሕዳ ማሌዥያ ስትሆን በሕገ መንግሥቷ ውስጥ የመገንጠል አንቀጽ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ይሁን እንጂ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1965፣ የኩዋላ ሉምፑር ፓርላማ በ126 ለ0 ድምፅ ባጸደቀው ማሻሻያ ሲንጋፖር በአንድ ቀን ውስጥ ተለይታ ወጣች፤ አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ስለዚህ የአንድን አገር ዕጣ የሚወስነው የመገንጠል አንቀጽ መኖሩ ወይም አለመኖሩ አይደለም።